«ይዘት» በመለኪያ ፊት፦ በጋዝ መስፋፋት ስለሚካሄድ ልኬት የቀረበ የስያሜ ትችት

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትምህርት መጻሕፍትና በትርጉም ሥራዎች ውስጥ ሥር ሰዶ የሚገኘውን «ይዘት» የተባለ የሙያ ቃል በአንድ የመለኪያ ዘዴ ፊት አቁሞ መመርመር ነው። ዘዴው ቅርጹ የተወሳሰበ ዕቃ በውስጡ ምን ያህል ክፍት ቦታ እንዳለው፣ ጋዝን ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ዕቃ በመልቀቅ የሚታወቅበት ነው። ቃሉ ለረጅም ጊዜ ያገለገለ፣ ተማሪውም መምህሩም የለመደው በመሆኑ እንዲሁ በድንገት ይለወጥ ማለት እንደማይገባ ጸሐፊው ይገነዘባል። ይሁን እንጂ አንድ የሙያ ቃል መልካም ነው ለማለት በቃላት ዝርዝር ውስጥ ከባዕዱ ቃል ፊት ለፊት ተጽፎ ማማሩ አይበቃም። ሥራ በሚያሠራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ ሠራተኛውን የማያሳስት መሆኑ መታየት አለበት።

ይህ ዘዴ ለፈተናው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአሠራሩ ደረጃዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚያስፈልጉት ቃላትም ከአምስትና ከስድስት አይበልጡም። እያንዳንዱ ቃል ግን አንድ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቃሉ ሲያሳስት ስሕተቱ በአንባቢው ስሜት ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ በስሌቱ ውጤት ላይ ወጥቶ ይታያል። ቃል ሲሳሳት ቁጥር ይመሰክርበታል ማለት ነው።

2. ዘዴው በአጭሩ

ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ የሚለካ ሣጥን የሚያስቸግር ነገር የለበትም። ውስጡ ጉራንጉር የበዛበት ዕቃ ግን በማስመሪያ አይደረስበትም። ውሃ ሞልቶ መመዘን የቆየና የታመነ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጠባብ መተላለፊያ ባለበት ዕቃ ውስጥ የአየር አረፋ ይቀራል፤ ዕቃው ውሃ ሲነካው የሚበላሽ ሊሆንም ይችላል፤ ዱቄትና ቀዳዳማ ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ውሃው ሁሉንም ቀዳዳ አይደርስበትም። በዚህ ጊዜ ጋዝ የውሃን ቦታ ይወስዳል።

መሠረቱ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት መጠነ ሙቀቱም መጠነ ቁሱም ሳይለወጥ በተያዘ ጋዝ ዘንድ ግፊቱና የሞላው ቦታ ሲባዙ ውጤቱ አንድ ሆኖ ይኖራል። ቦታው እጥፍ ሲሆን ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ሕግ ለልኬት ማዋልም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሴይ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ባሩድንና ውሃ ሊነካቸው የማይገባ ሌሎች ነገሮችን ለመለካት «ስቴሬዮሜትር» የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1797 አቅርቦ ነበር።

አሠራሩን በቁጥር እንመልከት። መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ አንድ ሊትር የሆነ ዕቃ አለ እንበል። ጋዝ ተሞልቶበት ግፊቱ 300 ኪሎ ፓስካል ሆነ። ከጎኑ መጠኑ የማይታወቅ ሌላ ዕቃ በቧንቧና በቫልቭ ተያይዟል፤ በውስጡ የነበረውም አየር ሁሉ ተመጥጦ ወጥቷል። ቫልቩ ሲከፈት ጋዙ ሁለቱን ዕቃዎች ይሞላል። መጠነ ሙቀቱ እስኪረጋ ከተጠበቀ በኋላ ግፊቱ 120 ኪሎ ፓስካል ሆኖ ይነበባል። 300 ለ120 ሲካፈል 2.5 ነው። ስለዚህ ጋዙ አሁን የሞላው ቦታ 2.5 ሊትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 1.5 ሊትሩ የማይታወቀው ዕቃ ድርሻ ነው። የዕቃው ጠመዝማዛነትና ጉራንጉር በስሌቱ ውስጥ አልገባም፤ የዘዴው ውበትም ይኸው ነው።

በዚሁ ዕቃ ውስጥ አንድ ድንጋይ ተጨምሮ ሥራው ቢደገምና የመጨረሻው ግፊት 150 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ጋዙ የሞላው ቦታ 2 ሊትር ብቻ ነው፤ የጎደለውን ግማሽ ሊትር ድንጋዩ ይዞታል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ሂሊየም ይመረጣል፤ አተሙ ትንሽ በመሆኑ ወደ ጠባብ ቀዳዳ ይገባልና፣ በተራ መጠነ ሙቀትም በጠጣሩ ገጽ ላይ እምብዛም አይጣበቅምና።

3. መመሪያው በለመድናቸው ቃላት

ከዚህ በላይ የተገለጸውን አሠራር አንድ ተርጓሚ ዛሬ በተለመዱት ቃላት ቢያስቀምጠው የሚከተለውን ይመስላል፦

«የታወቀ ይዘት ያለው ዕቃ በጋዝ ይሞላ። ይዘቱ ያልታወቀው ዕቃ ባዶ ይደረግ። ቫልቩ ተከፍቶ ጋዙ እንዲስፋፋ ይደረግ። ከመስፋፋቱ በፊትና በኋላ ያለው ግፊት ይነበብ። ከሁለቱ ግፊቶች የዕቃው ይዘት ይሰላል።»

ይህን ምሳሌ ያዘጋጀው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ራሱ ነው፤ የሌላ ተርጓሚ ሥራ አይደለም። ሰዋስውን በተመለከተ እንከን አይወጣለትም፤ ቃላቱም ሁሉ በትምህርት ቤት የሚታወቁ ናቸው። ይሁንና ይህን ጽሑፍ ብቻ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ የሚገባ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ይዞ መውጣቱ ያጠራጥራል። ምክንያቱን ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየሄድን እንመርምር።

4. «ጋዝ» እና «ባዶ»

«ጋዝ» እንዲሁ በባዕድ መልኩ የተወሰደ ቃል ነው። ለብዙው ሕዝብ ጆሮ ግን «ጋዝ» ማለት ለፋኖስና ለምድጃ የሚገዛው ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ፈሳሽ ነው። «ዕቃው በጋዝ ይሞላ» የሚለው ትእዛዝ በገበያ ቋንቋ ቢነበብ ዕቃው በላምባ ይሞላ ማለት ይሆናል። ይህ ስሕተት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደርስ አይደለም፤ ሠራተኛው የሂሊየሙን ሲሊንደር ያየዋልና። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ሁለቱ ፍቺዎች በተራ ቁጥር ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ቃሉ በተወለደበት አገርም ቢሆን ሰው ሠራሽ ነው፤ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ቫን ሄልሞንት የተባለው ሊቅ «ኬኦስ» ከሚለው የግሪክ ቃል አውጥቶ የፈጠረው መሆኑ ይታወቃል። የተፈጠረ ቃል ሥር አይሰድም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

«ባዶ» የሚያመጣው ችግር ከዚህ ይከፋል። በአማርኛ ባዶ ዕቃ ማለት ይኖርበታል ተብሎ የሚጠበቀው ነገር የሌለበት ዕቃ ነው። ባዶ ማሰሮ ጠላ የለበትም፤ አየር ግን ሞልቶታል። ስለዚህ «ዕቃው ባዶ ይደረግ» የተባለ ሠራተኛ ዕቃውን ከፍቶ አይቶ «ባዶ ነው» ቢል ቋንቋውን አልሳተም። ስሌቱ ግን ይሳሳታል። አዲስ አበባ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 1.5 ሊትር የሆነው ዕቃ በዚህ አየር እንደተሞላ ቫልቩ ቢከፈት፣ የመጨረሻው ግፊት 120 መሆኑ ቀርቶ 166 ኪሎ ፓስካል ያህል ይሆናል። ሠራተኛው 300ን ለ166 ሲያካፍል ዕቃው 0.8 ሊትር ሆኖ ያገኘዋል። ግማሽ የሚያህለው የዕቃው መጠን በአንድ ቅጽል ምክንያት ጠፋ ማለት ነው።

ለዚህ «ኦና» የሚለው ቃል ሊታሰብ ይችላል። ኦና ቤትም ቢሆን አየር አያጣም፤ ነገር ግን ቃሉ ስለ ዕቃ በዕለታዊ ንግግር ስለማይነገር አዲስና ጥብቅ ፍቺ ቢሰጠው ከአሮጌው ጋር አይጋጭም። በአሠራር መመሪያ ውስጥ ግን «አየሩ ተመጥጦ ይውጣለት» ብሎ ነገሩን በግልጽ ማዘዝ ከማንኛውም ስያሜ ይበልጣል። ስያሜ የሚያስፈልገው ነገሩ ደጋግሞ በሚጠራበት ቦታ ነው።

5. «ግፊት»

«ግፊት» ገፋ ከሚለው ግስ የወጣ፣ የሰመረ ቃል ነው። ጉድለቱ በቃሉ ላይ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው፤ ያለ ቅጽል እየተጻፈ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማልና። አንደኛው ጋዙ በራሱ የሚያደርገው ጠቅላላ ግፊት ነው። ሁለተኛው ተራ የግፊት መለኪያ የሚያሳየው ሲሆን፣ ይኸውም ከከባቢ አየር ግፊት በላይ ያለው ትርፍ ብቻ ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋበት መለኪያ የሚያሳየው ይህን ትርፍ ነው። የቦይል ሕግ የሚሠራው በመጀመሪያው ብቻ ነው።

በምሳሌአችን 300 እና 120 የተባሉት ቁጥሮች የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በተራ መለኪያ ቢነበቡ 223 እና 43 ይሆናሉ። መመሪያው «ግፊቱ ይነበብ» ብቻ ካለ ሠራተኛው 223ን ለ43 ያካፍላል፤ 1.5 ሊትር የነበረው ዕቃም 4.2 ሊትር ያህል ሆኖ ይወጣል።

ጠንቃቃ ተርጓሚ ይህን አይቶ ከባሕር ማዶ በመጣ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን «በመለኪያው ንባብ ላይ 101 ይደመር» የሚል ማሳሰቢያ እንዳለ ቢያስገባ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይከተላል። 101 በባሕር ጠለል ላይ ያለ የከባቢ አየር ግፊት ነውና፣ 324 ለ144 ተካፍሎ ዕቃው 1.25 ሊትር ይሆናል። ይህኛው ስሕተት ከፊተኛው ያነሰ ቢመስልም የበለጠ አደገኛ ነው፤ ውጤቱ ለዓይን የማያስደነግጥ በመሆኑ ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል። ቃሉን በትክክል መልሶ ቁጥሩን ከነአገሩ ማምጣት ትርጉም አይባልም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው «ፍጹም ግፊት»፣ ለሁለተኛው «ትርፍ ግፊት» የሚሉት እንዲጸኑ ሐሳብ ይቀርባል። «ጠቅላላ ግፊት» የሚለው ለመጀመሪያው እንዳይሰጥ ያስፈልጋል፤ በጋዞች ቅልቅል ውስጥ የየድርሻው ድምር የሚጠራበት ሌላ ሥራ አለውና። «ፍጹም» የሚለው ቅጽል ግን «ፍጹም ዜሮ» በሚለው ስያሜ አስቀድሞ ስለሚታወቅ መንገዱ የተጠረገለት ነው።

6. «መስፋፋት»

ለዘዴው መጠሪያ የሚሆነውን ቃል ስንፈልግ ብዙዎቹ ቤቶች ተይዘው እናገኛቸዋለን። «ስፋት» በጂኦሜትሪ የገጽ ልክ ነው፤ በተራ ንግግርም ወርድ ማለት ነው። «ልቀት» ከፋብሪካና ከመኪና ለሚወጣው ጭስ ተሰጥቶ ስለጸና «የጋዝ ልቀት ዘዴ» ቢባል አንባቢ ስለ አየር ብክለት ያስባል። «መናኘት» ውብ ቃል ነው፤ ሽታም ወሬም ይናኛል፤ ነገር ግን የሚያሳየው አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ቀስ በቀስ እየተበተነ መግባቱን በመሆኑ ለሌላ የፊዚክስ ጽንሰ ሐሳብ ቢቆይ ይሻላል።

እንግዲህ «መስፋፋት» ይቀራል። የድርብ አነጋገሩ በየቦታው መዳረስን ስለሚጠቁም፣ የትምህርት ቤቶች መስፋፋት እንደሚባለው፣ ቃሉ ጥቂት ይጎረብጣል። ሆኖም ከመመሪያው ትእዛዝ አንጻር ስንፈትነው ሠራተኛውን አያሳስትም፤ ቫልቩን ከፍቶ ጋዙ ወደ ሁለተኛው ዕቃ ሲገባ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። ከየት ወደ የት እንደሚስፋፋ ተለይቶ ከተነገረ ቃሉ ሥራውን ይሠራል። የማያምር ቃል ሁሉ የተሳሳተ ቃል አይደለም፤ ጸሐፊው ይህን ቃል ለመለወጥ በቂ ምክንያት አላገኘም።

7. «ይዘት»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። «ይዘት» ያዘ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በጂኦሜትሪ መጻሕፍት የኩብ ይዘት፣ የሲሊንደር ይዘት እየተባለ አንድ አካል በሦስት አቅጣጫ የያዘው ቦታ ልክ ይጠራበታል። ይኸው ቃል በመላው የጽሑፍ ቋንቋ ደግሞ በአንድ ነገር ውስጥ ያለው ነገር ማለት ነው፤ የመጽሐፍ ይዘት፣ የንግግር ይዘት፣ የማዕድኑ የወርቅ ይዘት፣ የአፈሩ የውሃ ይዘት ይባላል። ሁለተኛው ፍቺ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበረታ መጥቷል።

አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መያዙ ብቻውን ነውር አይደለም። እንግሊዝኛም «ቮልዩም» ሲል የመጽሐፍ ጥራዝንም፣ የድምፅ ጉልህነትንም፣ አሁን የያዝነውንም ልክ ይጠራበታል፤ የቃሉም ምንጭ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ መጽሐፍን የሚያመለክት የላቲን ቃል ነው። ግን እነዚህ ፍቺዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እምብዛም አይገናኙም። የ«ይዘት» ሁለት ፍቺዎች ግን በአንድ ቤት የሚኖሩ ናቸው፤ የመለኪያ ሳይንስ በሚጻፍበት ገጽ ላይ በየመሥመሩ ይጋጠማሉ።

በቀደሙት ቃላት ላይ የታየው ጉድለት ቅጽል በመጨመር ወይም ነገሩን ዘርዝሮ በማስረዳት የሚታረም ነበር። እዚህ ግን ቅጽሉም አያድንም። «የውሃ ይዘት 30» ተብሎ ቢጻፍ 30 ሊትር ውሃ ነው ወይስ ከመቶ 30 እጅ? አገናዛቢው «የ» ለሁለቱም ፍቺ እኩል ይታዘዛል። «የቱቦው የጋዝ ይዘት» ሲባልም በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ምን ያህል እንደሆነ ነው ወይስ ጋዝ ሊሞላው የሚችለው ቦታ? በጋዝ በሚደረግ ልኬት ውስጥ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ ቫልቩ ሲከፈት አንደኛው ይለወጣል፤ ሁለተኛው አይለወጥም። የዘዴው ትርጉም ያለውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ይህ ከቤተ ሙከራ ዕቃ አልፎ ወደ ሰው ገላ ሲሻገር ምን እንደሚመስል ከአገራችን አንድ ምሳሌ እናንሣ። በጅማ ከተማ 350 አራስ ሕፃናት የአየርን ግፊት በሚጠቀም መሣሪያ ተለክተው የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ከሰው ሕፃን ገላ የበለጠ ቅርጹ የተወሳሰበ፣ ውሃ ውስጥ ተነክሮም ሊለካ የማይገባው አካል የለም። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሕፃኑ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ የክፍሉ አየር በጥቂቱ እየታመቀና እየሰፋ የግፊቱ ለውጥ መጠኑ ከሚታወቅ ሌላ ክፍል ጋር ይነጻጸራል። አየሩ ሙቀት ለመለዋወጥ ጊዜ ስለማያገኝ የቦይል ቀመር እርማት ይፈልጋል፤ በሕፃኑ ቆዳ አጠገብና በሳንባው ያለው አየርም ለብቻው ይታሰባል። ሐሳቡ ግን ቀደም ሲል ስለ ድንጋዩ ከተነገረው ጋር ዝምድና አለው፤ አየር ያልያዘውን ቦታ ሕፃኑ ይዞታል። ከዚያ የገላው ክብደት በሚዛን ይታወቅና እፍግታው ይሰላል። የስብ እፍግታ በሲሲ 0.9 ግራም ያህል ሲሆን ስብ ያልሆነው የገላ ክፍል ከ1 ግራም በላይ ስለሆነ፣ ከሕፃኑ ገላ ምን ያህሉ ስብ እንደሆነ ከእፍግታው ይታወቃል።

ይህን አሠራር በለመድናቸው ቃላት እንጻፈው፦ «ከሰውነት ክብደትና ከሰውነት ይዘት የሰውነት ይዘት ይሰላል።» ፊተኛው «ይዘት» ገላው የያዘው ቦታ ነው፤ ኋለኛው ገላው የተሠራበት የስብና የሌላው ድርሻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የሚታወቀውንና የሚፈለገውን በአንድ ስም ጠርቶ ራሱን በራሱ ሽሮታል። ለኋለኛው «ስብጥር» ቢባል እፎይታ የሚገኝ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ወዲያው በሚቀጥለው መሥመር «የስብ ይዘት» ይመጣል፤ ይህ ደግሞ ከመቶ ስንት እጅ ነው ወይስ ስንት ሲሲ ነው የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይነሣል። አንድ የጤና ባለሙያ ስለ አንድ አራስ ልጅ የሚወስነው ውሳኔ በዚህ ዓይነት አሻሚ ቃል ላይ ሊቆም አይገባም።

8. «ስፍር»

አማርኛ የመለካትን ሥራ በአንድ ግስ አይጠራም። ርዝመት ይለካል፤ ክብደት ይመዘናል፤ ብዛት ይቆጠራል፤ እህል ደግሞ በቁና ወይም በጣሳ ይሰፈራል። ሰፈረ የሚለው ግስ በተለይ የተሰጠው አሁን ስያሜ ለምንፈልግለት ልክ ነው። «ስፍር ቁጥር የሌለው» ስንል በመስፈሪያም በቁጥርም የማይዘለቅ ማለታችን ነው። እንግዲህ ለዚህ ልክ ከራሱ ከቋንቋው መዝገብ «ስፍር» የሚል ስም ተቀምጦልን ሳለ ከ«ይዘት» ዘንድ መለመናችን የሚያስገርም ነው።

ሆኖም ቃሉን ከማመስገን በፊት በዚያው ፈተና ማሳለፍ ይገባል። በቁና የተሰፈረ ጤፍ ቁናውን ሞልቷል፤ ነገር ግን በፍሬዎቹ መካከል ያለው አየርም አብሮ ተሰፍሯል። ገዢ «ነቅንቀው» የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው። በጋዝ ቢለካ ግን ጋዙ በፍሬዎቹ መካከል ስለሚገባ የፍሬዎቹ ብቻ ልክ ይገኛል። ስለዚህ የገበያው ስፍርና የሳይንሱ ልክ አንድ አይደሉም የሚል ሰው ቢነሣ እውነት አለው።

ጸሐፊው ግን ይህን ለቃሉ እንደ ነቀፌታ አይቆጥረውም፤ ምን ዓይነት ቅጽል እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ምልክት ነው ይላል። «ስፍር» የዘር ስም ሆኖ ይቀመጥ፤ በመለኪያ ጽሑፍ ውስጥ ግን ያለ አገናዛቢ አይጻፍ። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ፍቺዎች ለውይይት ቀርበዋል፦

የውጭ ስፍር፦ አንድ አካል ከነቀዳዳውና ከነስንጥቁ በውጭ ገጹ ተከልሎ የያዘው ቦታ ልክ።

የጠጣሩ ስፍር፦ ጋዝ ሊገባባቸው የሚችሉ ቀዳዳዎች ተቀንሰው የሚቀረው ልክ። ጋዝ የማይደርስባቸው ዝግ ቀዳዳዎች በዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ።

የቀዳዳ ስፍር፦ ጋዝ የሚገባባቸው ክፍት ቀዳዳዎች ድምር ልክ።

የውስጥ ስፍር፦ በዕቃ ግድግዳ የተከለለ፣ ጋዝ ወይም ፈሳሽ ሊሞላው የሚችል ቦታ ልክ።

«ስፍረ ውስጥ»፣ «ስፍረ አካል» እየተባለ በግዕዝ አገባብ ቢዘጋጅ የሚያምር ይመስላል። ይሁንና ቃሉ የሚዘጋጀው ለቤተ ሙከራ ሠራተኛም ጭምር ስለሆነ፣ ሕዝብ በሚናገረው «የ» መገናዘቡ ይመረጣል።

መሣሪያው ምን ይባል? የተለመደው የባዕድ ስም «ፒክኖሜትር» ነው፤ እፍግን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የወጣ በመሆኑ መሣሪያው ራሱ የማይለካውን፣ በኋላ ተሰልቶ የሚገኘውን እፍግታ ይጠራል። በአማርኛ ግን «መስፈሪያ» የሚል የመሣሪያ ስም ከጥንት አለ። «የጋዝ መስፈሪያ» ቢባል ጋዝን የሚሰፍር ዕቃ ይመስላልና «በጋዝ መስፈሪያ» ቢባል ይሻላል። እዚህ ላይ አንዲቱ «በ» ጋዙ የሚለካው ነገር ሳይሆን የመለኪያው መንገድ መሆኑን ትነግረናለች።

9. ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

አንደኛ፣ ሰፈረ መኖሪያ ያዘ፣ ድንኳን ተከለ ማለትም ነው፤ «ስፍራ» እና «ሰፈር»ም በቅርብ ይገኛሉ ይባል ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ በተለይ «ስፍር» እና «ስፍራ» በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ አራሚ መንቃት አለበት። ነገር ግን ለመኖሪያው ፍቺ የሚያገለግለው ስም «ሰፈራ» እንጂ «ስፍር» ባለመሆኑ የፍቺ ግጭት አይፈጠርም። አንድ አካል የያዘው ስፍራ ልክ ስፍሩ ነው ብሎ ለሚያስተምር መምህር እንዲያውም የድምፁ ቅርበት ይረዳዋል።

ሁለተኛውና ብርቱው መቃወሚያ፣ በ«ይዘት» የተማሩት ትውልዶች ምን ይሁኑ የሚለው ነው። የመማሪያ መጻሕፍትን ቃል መለወጥ ዋጋ ያስከፍላል፤ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስያሜም ተማሪው በቋንቋው ላይ ያለውን እምነት ይሸረሽራል። ስለዚህ የሚቀርበው ሐሳብ የተወሰነ ነው። ቅርጾች ብቻ በሚሰሉበት የጂኦሜትሪ ትምህርት «ይዘት» ለጊዜው ከ«ስፍር» ጋር ጎን ለጎን ይሂድ፤ በኩብና በሲሊንደር ላይ ማንንም አላሳሳተምና። ቁስ በሚለካበት፣ በሚመዘንበትና በሚነጠርበት ጽሑፍ፣ ማለትም በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በአፈር ጥናትና በሕክምና ግን «ስፍር» ብቻ ይጻፍ፤ «ይዘት»ም በውስጥ ላለው ነገር ድርሻ ይጠበቅ።

ሦስተኛ፣ «ቮልዩም» ብሎ መጻፍ አይበቃም ወይ? የሚሉ አሉ። ቋንቋው ስም ላጣለት ነገር ባዕድ ቃል መዋሱ ተገቢ ነው፤ «ጋዝ»ንና «ቫልቭ»ን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ቅሬታ ተጠቅመንባቸዋል። እህሉን ሲሰፍር ለኖረ ሕዝብ የስፍርን ስም ከውጭ ማምጣት ግን ውሰት አይባልም።

10. መደምደሚያ

ከአምስቱ ቃላት ውስጥ «ጋዝ» እና «መስፋፋት» ፈተናውን አልፈዋል፤ «ግፊት» ቅጽል ተጨምሮለት ያልፋል፤ «ባዶ» በግልጽ ትእዛዝ ይተካል፤ «ይዘት» ግን በዚህ የዕውቀት ዘርፍ ቦታውን መልቀቅ ይገባዋል። እያንዳንዱ ፍርድ የተሰጠው ቃሉ በሚያስገኘው ቁጥር እንጂ በጆሮ ጣዕም አለመሆኑን አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

ለተርጓሚዎች የሚቀረው ማሳሰቢያ አጭር ነው። የመለኪያ ጽሑፍ የተረጎመ ሰው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ምንጩን አጥፎ፣ የራሱን አማርኛ ብቻ ይዞ፣ በጽሑፉ ያለውን ምሳሌ አንድ ጊዜ ያስላው። 1.5 ሊትር የነበረው ዕቃ 1.5 ሊትር ሆኖ ከወጣ ትርጉሙ ደርሷል። 0.8 ወይም 4.2 ሆኖ ከወጣ ግን የሚታረመው ስሌቱ ሳይሆን ቃሉ ነው። ስያሜ የሚያጸድቁ ኮሚቴዎችም ቃሉን በዝርዝር ላይ ከማጽደቃቸው በፊት ይህንኑ ቢያደርጉ ብዙ የኋላ ድካም ይቀራል።